ቱርቦው ለምን ይዘገያል? ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የጠፋችውን ሰከንድ ፈልጓት

ፔዳሉን እስከ ወለሉ ትረግጣላችሁ። ሞተሩ ዝም። ትንሽ ቆይቶ፣ ተስፋ ቆርጣችሁ እግራችሁን ልታነሱ ስትሉ፣ መኪናው ድንገት ይወነጨፋል። ልትቀድሙበት ያያችሁት ክፍተት ግን እስከዚያ ተዘግቷል። ቱርቦ (በሞተሩ ጭስ እየዞረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚጨምቅ ዕቃ) ያለው መኪና የነዳ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቱርቦ ላግ የሚሉት እሱን ነው።

ድሮ ይህ የጥቂት ሰዎች ጣጣ ነበር። ፖርሽ 911 ቱርቦ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ ላጉ ራሱ የዝናው አካል ሆነ። ጠመዝማዛ መሃል ላይ ነዳጅ የሰጠ ሰው ጉልበቱ የሚደርሰው እሱ ሳይፈልገው ነበር። ዛሬ ግን የጭስና የነዳጅ ፍጆታ ሕጉ ሲጠብቅ አምራቾች ሞተሩን አሳንሰው ቱርቦ ጫኑበት። ባለ 1.0 ሊትር፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር የቤት መኪና እንኳን ቱርቦ አለው። ስለዚህ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ሰውዬም መንገድ ሲገባ ያቺን ሰከንድ ይጠብቃታል።

ችግሩ የብዙ ሰው ሲሆን ገበያው ይደራል። ትልቅ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን ሙቅ አየር የሚያቀዘቅዝ ዕቃ)፣ ሰፊ የጭስ ማውጫ፣ ፔዳሉ ላይ የሚሰካ ሳጥን፣ የሚያፏጭ ቫልቭ፣ "ላግ የሚያጠፋ" ፕሮግራም፣ አየር መግቢያው ላይ የሚታሰር የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ሳይቀር ይሸጣል። የገዙት ብዙዎቹ መጨረሻ ላይ ያገኙት ድምፅ ነው። የኔ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ሰው ሰከንዷ የት እንደጠፋች ሳያውቅ ዕቃ ይገዛል። መዘግየቱ ደግሞ ከአንድ ቦታ ብቻ አይመጣም።

ሦስት የተለያዩ መዘግየቶች

የመጀመሪያው ከቱርቦው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በአሁኑ መኪና ፔዳሉና የአየር በሩ በገመድ አይገናኙም። ፔዳሉ ሴንሰር ነው፤ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ለጭሱ፣ ለካምቢዮው ጤንነትና ለተሳፋሪው ምቾት ሲል በሩን ቀስ ብሎ ሊከፍት ይችላል። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ካለ ደግሞ "ማርሽ ልቀንስ ወይስ ልተወው" ብሎ እስኪወስን ሌላ ጊዜ ያልፋል። ሰውየው ግን ሁሉንም ደምሮ ቱርቦው ላይ ያላክካል።

ሁለተኛው የመነሻ ዙር ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ቱርቦ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ የተወሰነ መጠን እስኪደርስ ድረስ የሚረባ ግፊት አይፈጥርም። ቱርቦው መሥራት የሚጀምረው በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ከሆነና እናንተ በ1,500 ላይ ከረገጣችሁ፣ አንድ ሰዓት ብትጠብቁም ግፊት አይመጣም። ይሄ መዘግየት ሳይሆን አለመቻል ነው።

ሦስተኛው እውነተኛው ላግ ነው። ሞተሩ ከመነሻ ዙሩ በላይ ነው፣ ጭሱም በቂ ነው፤ ግን የቱርቦው ዘንግ ከተኛበት ተነሥቶ ወደሚፈለገው ፍጥነት እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። ብዙዎቹ ውድ ዕቃዎች የተሠሩት ለዚህኛው ነው። የብዙ ሰው ችግር ግን አንደኛው ወይም ሁለተኛው ነው።

መለየቱ ከባድ አይደለም። መረጃ የሚመዘግብ ስካነር ወይም ስልክ ላይ የሚሠራ አፕ ይበቃል። ባዶና ደህና ቦታ ላይ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ከ2,000 ዙር ጀምራችሁ ሙሉ በሙሉ ረግጣችሁ አምስት ነገሮችን መዝግቡ፦ የፔዳሉ መጠን፣ የአየር በሩ መጠን፣ የሞተር ዙር፣ ኮምፒውተሩ የጠየቀው ግፊት፣ በትክክል የተገኘው ግፊት። ኦቶማቲክ ከሆነ ማርሹን በእጅ መያዝ አለባችሁ፤ አለበለዚያ ራሱ ይቀንስና ልኬቱን ያበላሸዋል።

ከዚያ መስመሮቹን ማየት ነው። ፔዳሉ መቶ በመቶ ሆኖ የአየር በሩ ግማሽ ላይ ከቆመ ችግሩ የፕሮግራም ነው። በሩ ተከፍቶ የተጠየቀው ግፊት ራሱ ዝቅተኛ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ እየያዘው ነው። የተጠየቀው ከፍ ብሎ የተገኘው ቀስ እያለ የሚከተለው ከሆነ ግን፣ ወይ ብልሽት አለ ወይ ቱርቦው ለሞተሩ ትልቅ ነው። ይህን ሳያዩ ዕቃ መግዛት በጨለማ መርፌ መፈለግ ነው።

ዘንጉ ለምን ይለግማል?

ቱርቦ በመሠረቱ በአንድ ዘንግ ላይ የተሰኩ ሁለት ጎማዎች ነው። አንዱን፣ ተርባይኑን፣ ጭሱ ያሽከረክረዋል፤ ሌላው አየር ይጨምቃል። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡቺ ሐሳቡን በ1905 ፓተንት ካስመዘገበ ወዲህ መሠረቱ አልተቀየረም። የመኪና ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ መሽከርከሩ የተለመደ ነው፤ ትንንሾቹ ከ200,000 ያልፋሉ።

እዚህ ጋ ፊዚክሱ ጨካኝ ነው። በሚሽከረከር ነገር ውስጥ ያለው ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። ዘንጉን ከ50,000 ወደ 150,000 ዙር ማድረስ ማለት በውስጡ ያለውን ጉልበት ሦስት ሳይሆን ዘጠኝ እጥፍ ማድረግ ማለት ነው። ያ ሁሉ ከጭሱ መምጣት አለበት። ጭሱ ደግሞ በዝቅተኛ ዙር ትንሽ ነው። ትንሽ በመሆኑ ቱርቦው አይዞርም፤ ቱርቦው ባለመዞሩ ጭሱ ትንሽ ነው። ላግ የሚሉት ይህ አዙሪት እስኪሰበር ያለውን ጊዜ ነው።

መጠኑ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሁለት አንድ ዓይነት ቅርጽ ያላቸው ጎማዎች ቢኖሩና የአንዱ ዲያሜትር በ20 በመቶ ቢበልጥ፣ ለመዞር ያለው እምቢታ 2.5 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ስለሚያድግ ነው። "ትንሽ ተለቅ ያለ ቱርቦ" አስገጥሞ ላግ በዛብኝ የሚል ሰው መልሱ እዚህ ጋ ነው። ትንሽ ተለቅ ያለ የሚባል ነገር የለም።

ሬኖ ይህን ፎርሙላ ዋን ላይ በውድ ዋጋ ተማረው። በ1977 በአንድ ትልቅ ቱርቦ ገባ። በ1979 አንዱን በሁለት ትንንሽ ተካው፤ በዚያው ዓመት ዲዦን ላይ የመጀመሪያውን ድል አገኘ። ድሉ የቱርቦዎቹ ብቻ አልነበረም፤ ግን ያለ እነሱ የሚታሰብ አይመስለኝም።

መጀመሪያ የሚፈስሰውን ድፈኑ

አሁን ወደ ራሳችሁ መኪና። ዕድሜው ገፋ ያለ መኪና ላይ "ድሮ እንዲህ አልነበረም፣ አሁን ይዘገያል" ከተባለ፣ ሌላ ማሻሻያ ሳያስቡ ብልሽት መፈለግ ነው። አዲስ ሲሆን ያልዘገየ ቱርቦ ዛሬ የዘገየው ፊዚክስ ስለተቀየረ አይደለም።

ዋናው ተጠርጣሪ የአየር ፍሳሽ ነው። ከቱርቦው ወጥቶ በኢንተርኩለር አልፎ ሞተር እስኪገባ ድረስ አየሩ ብዙ ቱቦና ብዙ ማሰሪያ ያልፋል። ላስቲኩ ይደርቃል፣ ዘይት ይጠጣና ይለሰልሳል፣ ማሰሪያው ይላላል። ሞተሩ ቆሞ ሲታይ ሁሉም ደህና ይመስላል። ግፊት ሲመጣ ግን ስንጥቁ ይከፈትና አየሩ ይወጣል። ቱርቦው እሱን ለማካካስ የበለጠ መሽከርከር አለበት፤ የበለጠ መሽከርከር ደግሞ ጊዜ ነው። ትልቁ ጉዳት የሚታየው በዝቅተኛ ዙር ላይ ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ቱርቦው የሚተርፈው አቅም የለውም።

ምርመራው ርካሽ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የቱርቦው አየር መግቢያ በክዳን ተዘግቶ፣ በክዳኑ በኩል ከኮምፕረሰር ቀስ ብሎ አየር ይገባል። ግፊቱ መኪናው በተለምዶ ከሚሠራበት ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ማኅተሞች ይፈነዳሉ። ከዚያ የሳሙና ውኃ መርጨትና አረፋ መፈለግ፣ ወይም ጆሮ መስጠት ነው። የጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ራሱ ቦታውን ያሳያል። ለዚህ ምርመራ ጊዜ የለኝም ብሎ ቀጥታ ቱርቦ መቀየር የሚያማክር መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ሁለተኛው ፍሳሽ ከቱርቦው በፊት፣ በሙቁ በኩል ያለው ነው። የጭስ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ ወደ ቱርቦው የሚወስደው ቱቦ) ከተሰነጠቀ ወይም ጋስኬቱ ከተበላ፣ ዘንጉን ማሽከርከር የነበረበት ጭስ በጎን ይወጣል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ፣ መጋጠሚያው ላይ ጥቁር ጥላሸት፣ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል፤ ጠፋ ማለት ዳነ ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ዌስትጌቱ ነው። ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ የተወሰነውን ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ የሚያሳልፍ ትንሽ በር ነው። መንቀሳቀሻው ካረጀ፣ በሩ ከተጣመመ ወይም ማስተካከያው ከላላ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ለዓይን የማይታይ ክፍተት ይበቃል። ግፊቱ መጨረሻ ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ስህተት ላያሳይ ይችላል። የሚደርሰው ግን ዘግይቶ ነው። በዝግታ ስትነዱ ከቱርቦው በኩል የሚንቀጫቀጭ የብረት ድምፅ ካለ እዚያ ጀምሩ።

ናፍጣ መኪና ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አላችሁ። ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ክንፎች ያሉት ቱርቦ አላቸው። ክንፎቹ በዝቅተኛ ዙር ጠበብ ብለው ጭሱን ያፈጥኑታል፣ በከፍተኛ ዙር ይከፈታሉ። ጥላሸት ሲጠራቀምባቸው ይጣበቃሉ። ክፍት ሆነው ከተጣበቁ መኪናው ከታች የሞተ ይሆናል። ተዘግተው ከተጣበቁ ደግሞ ግፊቱ ከልክ ያልፍና ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ይቆልፋል። ሁልጊዜ በዝግታ፣ ለአጭር ርቀት ብቻ የሚነዳ ናፍጣ ለዚህ የተጋለጠ ነው።

የተቀረውን ልጥቀስና ልለፍ፦ የቆሸሸ ፊልትሮ፣ የተደፈነ ካታላይዘር (የጭስ ማጽጃ)፣ ሽፋኑ የተቀደደ የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ፣ በስህተት የሚለካ የአየር ሴንሰር። ቫልቩን በተመለከተ አንድ ነገር፦ የሚያፏጨው፣ አየሩን ወደ ውጭ የሚለቀው ዓይነት አየሩ በመግቢያው ሴንሰር በሚለካ መኪና ላይ ከተገጠመ፣ ኮምፒውተሩ የተለካው አየር ሁሉ ሞተር የገባ መስሎት ለሌለ አየር ነዳጅ ይረጫል። ማርሽ በቀየራችሁ ቁጥር ሞተሩ ለቅጽበት ያንቀዋል። ላግ ይቀንሳል ተብሎ የተገዛ ዕቃ ላግ ጨመረ ማለት ነው።

ኮምፒውተሩ፦ ብዙ ጥቅም፣ ብዙ አደጋ

ብልሽት ከሌለ፣ በገንዘብ ሲታይ ትልቁ ለውጥ የሚገኘው ከፕሮግራሙ ነው ብዬ አምናለሁ። የዌስትጌቱን ነገር እንውሰድ። የቆየ አሠራር ባላቸው መኪኖች በሩ ግፊቱ ገና ግማሽ ሲደርስ ጀምሮ በጥቂቱ መከፈት ይጀምራል። በትክክል የተስተካከለ ፕሮግራም ግፊቱ ዒላማው አጠገብ እስኪደርስ በሩን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ምንም ዕቃ ሳይቀየር ግፊቱ ቀድሞ ይመጣል።

ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ሞተሮች ላይ ሌላም መላ አለ። የመግቢያና የመውጫ ቫልቮቹ ለትንሽ ጊዜ አብረው ክፍት እንዲሆኑ ይደረጋል። በመግቢያው በኩል ያለው ግፊት ከመውጫው ከበለጠ ንጹሕ አየር ገብቶ የተረፈውን ጭስ ጠርጎ ይወጣል። ሲሊንደሩ በደንብ ይሞላል፣ ተርባይኑም ተጨማሪ አየር ያገኛል። ነዳጁ የመውጫው ቫልቭ ከተዘጋ በኋላ ስለሚረጭ በከንቱ አይወጣም። የዛሬዎቹ ሞተሮች ከ1,500 ዙር አካባቢ ጀምረው ጥሩ ጉልበት የሚሰጡበት አንዱ ምስጢር ይህ ነው። ሌላው የመጭመቂያ መጠናቸው፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ ነው። የ1975ቱ ፖርሽ 6.5 ለ 1 ነበር፤ ዛሬ 10 ለ 1 አካባቢ የተለመደ ነው። ስለዚህ ቱርቦው እስኪነሣ ሞተሩ በራሱ ይጎትታል።

አደጋውስ? ከታች ጉልበት መጨመር ደስ ይላል፣ ግን ትንሽ ሞተር በ1,600 ዙር ላይ ከፍተኛ ግፊት ሲጫንበት ካንዴላው ሳይተኩስ ነዳጁ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ ነገር ፒስተን ይሰብራል፤ ማጋነን አይደለም። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት በ2018 የኤስኤን ፕላስ፣ በ2020 ደግሞ የኤስፒ የዘይት ደረጃን ያወጣው ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ይህን ችግር ለመቀነስ ነው። አምራቹ በዝቅተኛ ዙር ጉልበቱን የያዘው ሁልጊዜ ስስት ይዞት አይደለም። "ከ1,500 ጀምሮ ሙሉ ግፊት እሰጥሃለሁ" የሚል ፕሮግራም ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ሞተሩ በሩቡ መንገድ ላይ ቢሰበር የማን እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁት።

ፔዳል ላይ የሚሰካው ሳጥንስ? ፔዳሉን 30 በመቶ ስትረግጡ ለኮምፒውተሩ 60 ነው ይለዋል። በቃ። ሙሉ በሙሉ ስትረግጡ ምንም ለውጥ የለም። የመጀመሪያው ዓይነት መዘግየት ለሚያናድደው ሰው ስሜቱ ይሻሻላል፤ ቱርቦው ግን አንድ ዙር እንኳን ቀድሞ አይነሣም።

ዕቃ መቀየር የግድ ከሆነ

እዚህ ላይ የሚታለፈው ነገር አንድ ነው፦ የላግ ሁሉ እናት የቱርቦው ምርጫ ነው። ከላይ 400 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ቱርቦ ገጥሞ ከታች እንደ ትንሽ ቱርቦ እንዲነሣ መመኘት አይቻልም። የመንገድ መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን ከ4,000 ዙር በታች ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ለመንገድ ሲመርጡ ከሚፈልጉት ከፍተኛ ጉልበት ትንሽ ቀንሶ ታች ያለውን ማትረፍ ይሻላል። ቱርቦው አንድ ሆኖ የተርባይኑን ቤት ብቻ ጠበብ ባለ መቀየርም ይቻላል። ጭሱ በጠባቡ ሲያልፍ ስለሚፈጥን ቱርቦው ቶሎ ይነሣል። ዋጋው ላይኛው ዙር ላይ ይከፈላል፦ ጭሱ መውጫ ያጣና ሞተሩ ይታፈናል።

ባለ ሁለት መንገድ ተርባይን ቤት ግን ከዚህ ሁሉ የምወደው ነው። የማብራት ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 የሆነ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ አንደኛውና አራተኛው በአንድ መንገድ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው በሌላው ይወጣሉ። እንዲህ ሲሆን የአንዱ ሲሊንደር የጭስ ምት ገና ጭሱን ጨርሶ ያላወጣውን ጎረቤቱን አይረብሽም፤ ምቱም ሳይበተን ተርባይኑ ላይ ያርፋል። ከላይ ብዙ ሳያሳጣ ከታች ይሰጣል። ችግሩ ማኒፎልዱም አብሮ ለሁለት የተከፈለ መሆን አለበት። ተርባይን ቤቱን ብቻ ገዝቶ በአሮጌው ማኒፎልድ ላይ ማሰር ብር መጣል ነው።

በጥቃቅን ኩሽኔታ ላይ የሚዞር ዘንግ በዘይት ላይ ብቻ ከሚንሳፈፈው ያነሰ ሰበቃ አለው። ጥቅሙ በተለይ በትልልቅ ቱርቦ ላይ ይታያል። ትንሽ ቱርቦ ላይ ለዚህ ብዙ ብር ማውጣት አይታየኝም። ከቲታኒየምና ከአሉሚኒየም ቅይጥ የሚሠራው ተርባይን ከተለመደው የኒኬል ቅይጥ በግማሽ ያህል ይቀላል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ውድ ነው፤ በቀላሉም ይሰበራል።

ኢንተርኩለር ላይ የሚወራው ብዙ ነው። "ትልቅ ከሆነ መሙላቱ ጊዜ ይወስዳል" ይባላል። እስቲ እናስላው። ባለ 2.0 ሊትር ሞተር በአንድ ዙር አንድ ሊትር አየር ይወስዳል። በ2,000 ዙር በሰከንድ 33 ሊትር ያህል ማለት ነው። አዲሱ ኢንተርኩለር 5 ሊትር ተጨማሪ ቦታ ቢኖረውና አንድ ባር (የከባቢ አየርን ግፊት ያህል) ልንሞላው ብንፈልግ 5 ሊትር ተጨማሪ አየር ያስፈልጋል። በጭፍን ስሌት 0.15 ሰከንድ ነው። ዜሮ አይደለም፣ ግን የምትጠብቁትን ሙሉ ሰከንድ የበላው እሱ አይደለም። ቱቦ አሳጥራለሁ ብሎ ኢንተርኩለሩን ሞተር ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ያተረፋትን ጥቂት የሰከንድ ክፍልፋይ በሙቅ አየር ይመልሳታል።

ከተርባይኑ በኋላ ያለውን የጭስ ማውጫ ማስፋት በእርግጥ ይሠራል። ተርባይኑን የሚያዞረው በፊቱና በኋላው ያለው የግፊት ልዩነት ነው፤ ኋላው ሲቀል ልዩነቱ ይጨምራል። ግን ካታላይዘሩን አውጥቶ መጣል በብዙ አገር ሕገወጥ ነው፣ ለሚተነፍሰውም ሰው መጥፎ ነው። ሰፋ ያለና የተሻለ ካታላይዘር ያለው ማውጫ አለ። ማኒፎልዱን በሙቀት መከላከያ ጨርቅ መጠቅለልም ሙቀቱን ለተርባይኑ ያቆያል፤ ውጤቱ መጠነኛ ነው፣ በቀጭን ብረት የተሠራ ማኒፎልድንም ሊሰነጥቅ ይችላል። ለቱርቦው የተሰፋ መከላከያ ልብስ ይሻላል።

በራሊ መኪኖች ላይ የምትሰሙትን ጥይት የሚመስል ፍንዳታ የምትመኙ ካላችሁ ተዉት። እዚያ ነጂው እግሩን ሲያነሣ ነዳጅና አየር እየገባ፣ እሳቱ ዘግይቶ ማኒፎልዱ ውስጥ እየነደደ ቱርቦው እንዳይተኛ ይደረጋል። ይሠራል። ተርባይኑንና ማኒፎልዱን ግን ይበላል፣ ካታላይዘር የሚባል ነገር አያስተርፍም። የራሊ ቡድን መለዋወጫ በመኪና ጭኖ ነው የሚከተለው።

ኤሌክትሪኩ መጣ

አምራቾቹ አሁን አዙሪቱን የሚሰብሩት በባትሪ ነው። ቮልቮ በ2016 የተጨመቀ አየር ከትንሽ ታንክ ወደ ጭስ ማኒፎልዱ የሚረጭ ናፍጣ አወጣ፤ ብልህ ሐሳብ ነበር። በዚያው ዓመት አውዲ ኤስኪው7 ላይ በ48 ቮልት የሚሠራ፣ 7 ኪሎዋት ያለው፣ በሩብ ሰከንድ ውስጥ 70,000 ዙር ገደማ የሚደርስ ኮምፕረሰር ገጠመ። በ2022 የመርሴዲሱ ኤኤምጂ ኤሌክትሪክ ሞተሩን ቱርቦው ዘንግ ላይ ራሱ አስገባው። በ2024 ፖርሽ 911 ጂቲኤስ ላይ ሁለቱን ቱርቦ በአንድ ኤሌክትሪክ ባለው ተካ፤ ዌስትጌት እንኳን የለውም፣ ግፊቱ ሲበዛ ኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ፍሬን ሆኖ ትርፉን ወደ ባትሪ ይልካል።

የሚገርመው ይህን ለብዙ ጊዜ ሲያሳይ የቆየው ፎርሙላ ዋን በተቃራኒው ሄደ። ከ2014 እስከ 2025 ዘንጉ ላይ የነበረውን ኤሌክትሪክ ሞተር የ2026 ሕግ አስወጣው። ውድና ውስብስብ ነው ተባለ። ኤሌክትሪኩ መንኮራኩሩን ራሱን የሚገፋበት አቅም ደግሞ ጨመረ። በሃይብሪድ የመንገድ መኪኖችም አዝማሚያው ይኸው ነው። ቱርቦው እስኪነሣ ድረስ ኤሌክትሪክ ሞተሩ መኪናውን ከገፋው፣ ላጉ ባይጠፋም ነጂው አይሰማውም። ብዙዎች በመጨረሻ በዚህ መንገድ የሚሄዱ ይመስለኛል፤ ርካሹ እሱ ነውና።

ይህን አይቶ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ "ኤሌክትሪክ ቱርቦ" ተብሎ የሚሸጥ ማራገቢያ አለ። ሒሳቡን እንሥራ። ባለ 2.0 ሊትር ሞተር በ2,000 ዙር ላይ ግማሽ ባር ግፊት እንዲያገኝ ኮምፕረሰሩ 2.5 ኪሎዋት ያህል ይፈልጋል። በ12 ቮልት ሲሆን ከ200 አምፔር በላይ ነው። የብዙ መኪኖች ዲናሞ ሙሉ አቅሙን ቢሰጥ እዚያ አይደርስም። አውዲ ወደ 48 ቮልት የሄደው ለጌጥ አይደለም። በቀጭን ሽቦ የሚታሰር ፕላስቲክ ማራገቢያ አየር አይጨምቅም፤ ይልቁንም መንገዱን ይዘጋል።

ሳይገዙ የሚደረገው

ከፍታ ቦታ ላይ የምትነዱ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። በ2,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ ያለ ቱርቦ እዚያ ደካማ ነው፣ ጭሱም ያንሳል፣ ቱርቦው ደግሞ ያንኑ ግፊት ለመስጠት የበለጠ መሽከርከር አለበት። ስለዚህ ያው መኪና ቆላ ላይ ቀልጣፋ፣ ደጋ ላይ ሰነፍ ቢመስላችሁ ብልሽት ላይሆን ይችላል። የሌላ ሰውን "የኔ በ1,800 ይነሣል" ወሬ ከማመን በፊት የት እንደሚነዳ ጠይቁ።

ማርሹ ደግሞ አለ። በ2,000 ዙር በሰከንድ 33 ሊትር የሚወስደው ሞተር በ4,000 ላይ 66 ይወስዳል። ልትቀድሙ ስታስቡ፣ ክፍተቱ ከመከፈቱ አንድ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ ማርሽ መቀነስና ፔዳሉን በትንሹ መያዝ ዘንጉን ቀድሞ ያነሣዋል። ኦቶማቲክ ከሆነ ስፖርት ሞዱ ወይም በእጅ መቀየሪያው ይህንኑ ያደርጋል። በአምስተኛ ማርሽ በ1,400 ዙር ፔዳሉን ወለል ላይ አጣብቆ መኪናውን መስደብ ግን ቱርቦውንም ፒስተኑንም አይረዳም።

ዘይቱን በጊዜው ቀይሩ፤ አምራቹ የሚለውን ደረጃ ተጠቀሙ። ያለቀበት ዘይት የዘንጉን ኩሽኔታ ይበላል፣ ዘንጉ ሲወላወል ጎማው ቤቱን መንካት ይጀምራል። ረጅም ዳገት በጉልበት ወጥታችሁ ወዲያው ሞተር አታጥፉ፤ ትንሽ ይቀዝቅዝ። ከዚያ በኋላም ላጉ ካስቸገራችሁ የመጀመሪያው ወጪ ያ የፍሳሽ ምርመራ ይሁን፤ ቀጥሎ ዌስትጌቱ፣ ቀጥሎ በልኬት የሚሠራ ሰው የሚያስተካክለው ፕሮግራም። ቱርቦ መቀየር መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ያኔም እጃችሁ ላይ ያለው የተመዘገበ መስመር ከታች ምን ያህል እንደጎደላችሁ ስለሚያሳይ፣ ለሻጩ የምትነግሩት ቁጥር ይኖራችኋል።